ስለ ስደተኛ የሚሰማን ስሜት ለመደልደል የወጣ የፌዝ አዋጅ

ፍርሃት፣ ቁጣ፣ መጸየፍ፣ ኩራትና ርኅራኄ እስከ ዛሬ በየሰዉ ሆድ ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ ሲባክኑ የኖሩ የሕዝብ ሀብቶች በመሆናቸው፤

እነዚህን ሀብቶች በስደተኛ ስም ሰብስቦ ወደ ጭብጨባ፣ ጭብጨባውን ወደ ድምፅ፣ ድምፁን ወደ ወንበር መለወጥ ከዋሽንግተን እስከ ቡዳፔስት፣ ከቱኒስ እስከ ጆሃንስበርግ ተሞክሮ ያዋጣ መሆኑ ስለተረጋገጠ፤

በመተማ ዮሐንስና በሱዳኗ ገላባት መካከል ያለው ድልድይ ግን ሰውን በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ሆኖ በመገኘቱና ይህም በተናጋሪዎች ሥራ ላይ ብርቱ እንቅፋት በመፍጠሩ፤

በተለይም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ቱርኩና ዓመታት ካርቱም ሠርቶ የሚመለሰው ኢትዮጵያዊ በአንድ ድልድይ፣ በአንድ አቧራ ተከታትለው በመግባታቸው ማንን መፍራት፣ ለማንስ ማዘን እንደሚገባ ለመለየት አዳጋች ስለሆነ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የስሜት ድልድል አዋጅ ቁጥር 0» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ዜሮ የሆነው ማንም ሳያወጣው በየመድረኩ ሲሠራበት የኖረ በመሆኑ ነው።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ተናጋሪ» ማለት የሕዝቡን ብሶት ከሕዝቡ በላይ የሚያውቅ፣ መፍትሔውን ግን ከተመረጠ በኋላ የሚገልጽ ሕዝበኛ ፖለቲከኛ ነው። «እኛ» ማለት ንግግሩ በሚደረግበት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። «እነሱ» ማለት ደግሞ ድምፅ የማይሰጥ፣ ማይክ የማይደርሰውና በማግስቱ ማስተባበያ የማይጽፍ ሰው ነው። ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱ እንኳ የጎደለው ሰው፣ ለምሳሌ የሚመርጥ መጤ፣ እስከ ምርጫው ማግስት ድረስ «እኛ» ተብሎ ይቆያል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ፍርሃት

ፍርሃት ከስሜቶች ሁሉ በኩር ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጠዋል። አንድ ሰው አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ብዛት ነው። ስለዚህ ተናጋሪ ስለ ስደተኛ ሲያወሳ ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና የልጆች ቁጥር ከመጥቀስ ይቆጠባል። የተፈቀዱት ቃላት ጎርፍ፣ ማዕበል፣ ወረራና መጥለቅለቅ ናቸው። ፎቶግራፍ ካስፈለገ ረጅም ሰልፍ የሚያሳይ ይሁን፤ ሰልፉ የት አገር እንደተነሣ ማጣራት አያስፈልግም። ለዚህ አርአያ የሚሆነው የብሪታንያው ፖለቲከኛ ናይጀል ፋራጅ ሰኔ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው የገለጠው ትልቅ ፖስተር ነው። ፖስተሩ ላይ ተጠጋግቶ የሚታየው ሕዝብ ከክሮኤሺያ ወደ ስሎቬኒያ የሚሻገር ስደተኛ እንጂ የብሪታንያን ድንበር የረገጠ አልነበረም። ፍርሃት ካርታ አያነብምና ማንም ያን ርቀት የለካው የለም። የለኩት ጋዜጠኞች ነበሩ፤ እነሱም የሚነበቡት ከምርጫ በኋላ ነው።

ቁጥር መጥራት የግድ ከሆነ ትንሹን ቁጥር ማግነን ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ስደተኞችን ለአባል አገሮች ሲያከፋፍል ለሃንጋሪ የተመደቡት 1,294 ሰዎች ነበሩ። አሥር ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር ይህ የአንድ መንደር ሠርግ ታዳሚ አያህልም። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን ግን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሰርቢያ ጋር የሚያዋስነውን 175 ኪሎ ሜትር ድንበር በአጥር ዘግተው ጨረሱ፤ አገሩን በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ሞሉ፤ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ በነዚያው 1,294 ሰዎች ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ። ዋጋ ያለው ድምፅ ከሰጡት ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አይገቡም» አሉ። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን ሕጉ ከሚጠይቀው ግማሽ ስላነሰ ውጤቱ በሕግ አልጸናም። ፍርሃት ምልዓተ ጉባኤ አያስፈልገውምና ይህ ለአዋጁ ዓላማ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

የሱዳን ጦርነት በፈነዳ ሰሞን በመተማ ድልድይ በቀን እስከ አንድ ሺህ ሰው ይገባ ነበር። የሃንጋሪን ኮታ መተማ በሁለት ቀን ትጨርሰው ነበር ማለት ነው። መተማ ሕዝበ ውሳኔ ባለመጥራቷ በዚህ አዋጅ ተወቅሳለች።

አንቀጽ 4፦ ስለ መጸየፍ

መጸየፍ ከጨጓራ የሚነሣ ስሜት ስለሆነ ነገሩ ከምግብ ወይም ከበሽታ ጋር መያያዝ አለበት። በምግብ በኩል ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ ክርክር ላይ ያሳዩት አሠራር በአባሪነት ተያይዟል። በኦሃዮዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የሚኖሩ ሄይቲያውያን የነዋሪውን ውሻና ድመት እየበሉ ነው ተባለ። የከተማው ባለሥልጣናት ለዚህ የሚታመን አንዳች ማስረጃ የለም አሉ። ጠፋች ተብሎ ለፖሊስ የተነገረላት አንዲት ድመት በባለቤቷ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተገኘች። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ግን በቦምብ ዛቻ ተዘጉ። አብዛኞቹ ሄይቲያውያን በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ነበሩ፤ የከተማዋ ፋብሪካዎችም ሠራተኛ አጥተው ሲቸገሩ የደረሱላቸው እነሱ ነበሩ። ይህ ክፍል በመድረክ ላይ አይነበብም።

በበሽታ በኩል የምዕራብ ጎንደር ቆላ የራሱን ተናጋሪዎች የሚያጠግብ ጥሬ ዕቃ አለው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በአካባቢው ቆላ በጥቁሩ ዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች። ከደጋ ለእርሻ ሥራ የወረደ ጎልማሳ ሌሊቱን ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ያድራል። ዝንቧ እዚያው ታገኘዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኙ ሲነሣ በሽታውን ወደ ደጋ ያወጡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ታምኗል። ስለዚህ የደጋው ተናጋሪ ከቆላ የሚመለሰውን፣ የቆላው ተናጋሪ ከደጋ የሚወርደውን ሰው በበሽታ ተሸካሚነት እንዲገልጽ ለሁለቱም እኩል ፈቃድ ተሰጥቷል። ሠራተኛው የሚያድርበት ቦታ ለምን ጣራ እንደሌለው መጠየቅ ግን ክልክል ነው፤ ጥያቄው በጀት ያስወጣል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ኩራት

ኩራት ከታሪክ ይቀዳል። በመተማ መድረክ የቆመ ተናጋሪ አጼ ዮሐንስ 4ኛን ሳያነሣ ንግግር አይከፍትም። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ከሱዳኑ ድርቡሽ ጋር ሲዋጉ መቁሰላቸውና በቁስሉ መሞታቸው፣ አንገታቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን መወሰዱ፣ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መቅረቷ እውነት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ድርቡሽ ጎንደርን ማቃጠሉም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ተናጋሪውን ከሥራው አያግደውም፤ ዋናው የሚያስከትለው ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት በ1881 ጎራዴ ይዞ የመጣው ድርቡሽና በ2015 ሕፃን አዝላ ከካርቱም የተሰደደችው ሴት አንድ ሰው ናቸው።

ከዚህ የታሪክ ገጽ በፊት ያለው ገጽ እንዳይገለጥ ጥብቅ ክልከላ ተጥሏል። እዚያ ገጽ ላይ ተክሩሮች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወደ መካ ሲጓዙ በዚህ ቆላ ሰፍረው የቀሩ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ መተማን ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ ከብቱ፣ ባሪያውም ጭምር የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ አድርገው ይዘዋት ነበር። አለቃቸው ሼህ ጁምዓ ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር እየገበሩ በሁለቱ መካከል ይኖሩ ነበር። በአካባቢው ጉሙዝም አለ። ይህ ገጽ በአደባባይ ከተነበበ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ታዲያ የመተማ ነባር ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የጥያቄና መልስ ጊዜ በዚህ አዋጅ ተሰርዟል።

የነባርነት ማብቂያ ቀን የሚወሰነው የተናጋሪው ቤተሰብ አካባቢው ከደረሰበት ቀን አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። በዚህ ስሌት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የሠፈራ ፕሮግራም ከተራቆተው ደጋ መጥተው በመተማና በቋራ መሬት የተሰጣቸው ገበሬዎች፣ ልጅ ወልደው ልጁ ለወግ ለማዕረግ ቢደርስም፣ እንደ አስፈላጊነቱ «ሰፋሪ» ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ።

አንቀጽ 6፦ ስለ ርኅራኄ

ርኅራኄ እጥረት ያለበት ሸቀጥ ስለሆነ በአቅጣጫ ይታደላል። ድልድዩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሻገር ሰው «ልጃችን» ነው፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሻገር ሰው «የጸጥታ ጉዳይ» ነው።

ልጃችን በደላላ ተመርቶ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ ወደ ሊቢያ ይወርዳል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ልቅሶው የማንም ድርሰት አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲባረሩም እንዲሁ። የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. የቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ከሰሐራ በታች የሚመጡ ጥቁሮች የአገሪቱን የሕዝብ አሰፋፈር ለመለወጥ የተሸረበ ሴራ አካል ናቸው ብለው ተናገሩ። ከንግግሩ ማግስት ጥቁሮች ከተከራዩበት ቤት ተባረሩ፣ በመንገድ ላይ ተደበደቡ፤ ጊኒ፣ ማሊና አይቮሪ ኮስት ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን አወጡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአውሮፓ ኅብረት ለቱኒዚያ ለድንበር ጥበቃ 105 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት ተስማማ። ኢትዮጵያዊ አድማጭ በዚህ ሁሉ እንዲቆጣ ተፈቅዶለታል። የተከለከለው «ሴራ»፣ «አሰፋፈር» እና «ሊለውጡን» የሚሉትን ቃላት በአገሩ መድረክ ሲሰማ የት እንደሚያውቃቸው ማስታወስ ብቻ ነው።

የማስታወስ ክልከላው ወደ ኋላም ይሠራል። በ1977 ዓ.ም. በረሃብና በጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በገዳሪፍ በኩል ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ያኔ የተቀበላቸው ቦታ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ይኸው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በሐምዳይትና በሌሎችም መግቢያዎች የተሻገረው ሕዝብ ከ60,000 በላይ ሆነ። ሱዳን ያኔ ሀብታም አልነበረችም፤ መንግሥቷም የተረጋጋ አልነበረም። ይህ አዋጅ በዚያን ጊዜ በዐረብኛ ተተርጉሞ ቢሆን ኖሮ ብዙ የምዕራብ ጎንደር ተናጋሪ አጎት አያገኝም ነበር።

አንቀጽ 7፦ ስለ ምስጋና

አልተደነገገም።

አንቀጽ 8፦ የስሜት መቁጠሪያ

ለአንድ ሰው የሚሰጠው ስሜት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ይህን የሚወስነው ሰሊጥ ነው።

ሰሊጥ አይታገሥም። ቅጠሉ ረግፎ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን ማጭድ መግባት አለበት፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው ራሱ ይሰነጠቅና ዘሩን መሬት ላይ ያራግፈዋል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ማንም አይለቅመውም። የታጨደው በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፣ ሲደርቅ በጥንቃቄ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል፤ እጁ የሻከረ ሰው ዘሩን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ይህ ሁሉ በእጅ ነው፤ ለዚያውም በጥቂት ሳምንት ውስጥ። እጁ ከጎጃም፣ ከደምቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጋይንትና ከወሎ ይመጣል። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ በአጨዳ ጊዜ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። አንዳንዱም ድንበሩን ተሻግሮ የገዳሪፍን ሰሊጥና ማሽላ ሲያጭድ ኖሯል።

ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሠራተኛው «ወንድማችን»፣ «ጉልበታችን» እና «የልማት አጋራችን» ይባላል። ባለ እርሻው ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ መኪና ይልክለታል፤ ከየት መጣህ፣ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው «በቀን ስንት ትላለህ?» ብቻ ነው። ኩንታሉ ተሰፍቶ ሸራው ሲጠቀለል ሰውዬው፣ ያው ነጠላ ጫማና ያው ፌስታል፣ በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በመቁጠሪያው ኃይል «ጸጉረ ልውጥ» ይሆናል። ኬላ ላይ ይወርዳል፤ መታወቂያው ይገለባበጣል፤ ደመወዙን በየትኛው ኪሱ እንደያዘ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ተናጋሪው ስለ ጸጉረ ልውጥ የሚያደርገው ንግግር ከአጨዳው በፊት እንዳይሆን ባለሀብቶች አጥብቀው ስላሳሰቡ በዚህ አንቀጽ ተካቷል።

አንቀጽ 9፦ ስለ ቁጣ

ቁጣ ወደ ታች ብቻ እንዲወርድ ተወስኗል። ይህ ንኡስ ደንብ ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቁ ማስረጃው ይኸውና፦ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከተገደሉት 62 ሰዎች 21ዱ የደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነበሩ። ቁጣው መታወቂያ አልጠየቀም፤ መልክና አነጋገር በቃው። የተፈታ ቁጣ ተመልሶ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያደርግ ቴክኒክ ገና አልተገኘም፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመርቷል።

ምዕራብ ጎንደር ውስጥ ቁጣ የሚያስነሣ ነገር አልጠፋም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ሰው ይታገታል፤ ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ከዘመድ ለቅሞ ቤዛ ይከፍላል። በኩመርና በአውላላ መጠለያ የነበሩ ሱዳናውያንም ያው ዝርፊያና ያው እገታ ደረሰባቸው። ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ከነሱ ከአንድ ሺህ የማያንሱት ሕፃናቱን ይዘው በእግራቸው ከመጠለያ ወጡ፤ በዋናው መንገድ ዳር፣ በዛፍ ሥር፣ በላስቲክና በጨርቅ ተጠልለው ለወራት ቆዩ። በኋላ ሁለቱ መጠለያዎች ተዘግተው ወደ አፍጢት መጠለያ የተዛወሩ አሉ። በዚያ መንገድ ያለፈ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ቢያዞር ሊያየው የሚችለው ሰው ልክ እንደ ራሱ ያንኑ ሽፍታ የሚፈራ ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው ቁጣቸውን አንድ ላይ ወደ ላይ ቢያዞሩት ተናጋሪው የሚቸገር በመሆኑ፣ አውቶቡሱ እዚያ ቦታ እንዳይቆም ታዟል።

ስደተኛው ራሱ የሚሰማው ፍርሃት፣ ናፍቆት፣ ሐፍረትና ቁጣ በዚህ አዋጅ ስሜት ተብለው አይመዘገቡም።

አንቀጽ 10፦ ልዩ መብት

በወጣትነቱ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ ወይም ለንደን ጥገኝነት ጠይቆ፣ በዚያ አገር መንግሥት ወረቀት የኖረና በዚያ አገር ግብር ከፋይ ገንዘብ ልጆቹን ያስተማረ ተናጋሪ ያ ዘመን «የትግል ዘመን» ተብሎ ይያዝለታል። ስደተኛ እንደነበረ መጥቀስ ስም ማጥፋት ነው።

አንቀጽ 11፦ ተፈጻሚነት የሌላቸው ሕጎች

ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወይም በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋ በመረጠው አካባቢ የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32፣ ለስደተኛ ከለላና የመሥራት መብት የሚሰጠው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011፣ እንዲሁም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም። ሦስቱም በወረቀት ላይ እንደጸኑ ይቆያሉ፤ ለውጭ እንግዳ በሚቀርቡ ሪፖርቶች ውስጥም በኩራት ሊጠቀሱ ይችላሉ።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የመጨረሻው የሰሊጥ ኩንታል ተጭኖ ከቆላው ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሰኔ ላይ የዘር ወቅት ሲገባ በራሱ ጊዜ ይታገዳል፤ ለዚህ ሌላ ማስታወቂያ አይወጣም። የምርጫ ዓመት ከሆነ እገዳው አይሠራም።